ልጁን ያልጠየቀ ጠያቂ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ አቶ ሰይፈሥላሴን የማያውቅ ነባር ሰው የለም ማለት ይቻላል። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸውም አባታቸው በሠሩት ቤት ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ትዳር መሥርተዋል። ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የንብረት ኃላፊ ናቸው። ጎረቤት ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ከሚተክሉት ጋር ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ሆነው ሲያገለግሉ ዓመታት አልፈዋል። አጽዋማቱን አያጓድሉም። እሑድ ጠዋት ገና መንገዱ ጭር እንዳለ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ይወጣሉ፤ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተንም ምንጣፍ ከሚጠቀልሉት ጋር ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በሰውየው ላይ ለማሾፍ ብዬ አይደለም። አቶ ሰይፈሥላሴ አስመሳይ አልነበሩም። የሚጾሙት ሰው እንዲያያቸው አልነበረም፤ ሲጸልዩም ከልባቸው ነበር። ታሪካቸው ለብዙዎቻችን ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። እያስመሰለ የሚኖር ሰው ሌላው ቢቀር ማስመሰሉን ራሱ ያውቀዋል። እምነቴ ሙሉ ነው ብሎ ከልቡ የሚያስብ ሰው ግን የጎደለውን በምን ያውቀዋል?

አቶ ሰይፈሥላሴና ባለቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ፍቅሩ ይባላል። ፍቅሩ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ አሸዋና ብሎኬት ሲያመላልስ ስለኖረ፣ ያንን መንገድ እንደ ቤቱ ግቢ ነበር የሚያውቀው። ሥራ ወዳድ፣ ተጫዋች፣ እናቱን የሚወድ ልጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ የጓደኛው ሠርግ ላይ ዋለ። ጠጣም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጓደኞቹ መኪናውን ትቶ እንዲሄድ ቢለምኑት እምቢ ብሎ መሪ ጨበጠ። ኮዬ ፈጬ መግቢያ ላይ አንድ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨ።

ሰውየው ኩምሳ ይባሉ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚያው ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ፤ በኋላ ከሕንፃዎቹ በአንዱ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያች ምሽት ወደ ሥራ እየሄዱ ነበር። ፍቅሩ አልቆመም። መንገደኛ ተረባርቦ ሽማግሌውን ወደ ሆስፒታል ቢወስዳቸውም ሳይደርሱ ሕይወታቸው አለፈ።

ፍቅሩ መኪናውን ከቤት ጀርባ አቁሞ ገባ።

“አባዬ፣ ሰው ገጨሁ።”

“ተረፈ?”

“አላውቅም። አልቆምኩም።”

 አቶ ሰይፈሥላሴ ኮታቸውን ደረቡና “ተነሥ” አሉት። ወይዘሮ በላይነሽ የልጃቸውን ክንድ ይዘው “መጀመሪያ ውኃ ይቅመስ፣ እባክህ ሰይፈሥላሴ” ብለው ቢለምኑ አልሰሙም። ልጃቸውን እጁን ይዘው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱትና “ሰው ገጭቶ ሸሽቷል፤ ልጄ ነው” ብለው አስረከቡ።

እስቲ እውነቱን እንናገር፤ ይህ የጀግና ሥራ ነው። ስንቶቻችን እናደርገዋለን? ልጃችንን ደብቀን፣ መኪናውን አሳጥበን፣ ምስክር ለማባበል የምንሯሯጥ ብዙዎች ነን። ወሬው ሲሰማ የሰፈሩ ሰው አቶ ሰይፈሥላሴን አደነቀ። አንድ እንግዳ ሰባኪም ስማቸውን ሳይጠሩ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ምሳሌ አደረጓቸው፤ “በመካከላችሁ ከልጁ ይልቅ እውነትን የወደደ አባት አለ” አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እናቶች እልል አሉ። አቶ ሰይፈሥላሴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ምስጋና ልባቸው ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ሆነ። ለእውነት ሲሉ ልጃቸውን የሰጡ አባት ተብለዋልና፣ ልጁን መልሰው ቢፈልጉት ያ ክብር የሚፈርስ መሰላቸው። ፍርድ ቤት ሲቀርብ አልሄዱም። ተፈርዶበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲገባም አልሄዱም። ሥራቸው እዚያው ቃሊቲ ስለሆነ ወደ ማረሚያ ቤቱ የሚወስደውን መታጠፊያ በየቀኑ በታክሲ ያልፉታል፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላኛው መስኮት ያዞራሉ። ቤት ውስጥ ስሙ ሲነሣ “እኔ ሰው ገድሎ የሚሸሽ ልጅ የለኝም” ይሉና ተነሥተው ይወጣሉ።

ስንቁን የሚያመላልሱት እናቱ ነበሩ። ወይዘሮ በላይነሽ እሑድ እሑድ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፣ ዓይናቸው አብጦ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲሉ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። በኋላ አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ እርጥብ ደረጃ አንሸራተታቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርገው ቤት ቢመለሱም ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ከአልጋ እንዳይወርዱ አዘዛቸው።

የመጀመሪያዋ እሑድ ስትደርስ ባላቸውን ጠሯቸው።

“ሰይፈሥላሴ፣ ለኔ ብለህ ዛሬ አንተ አድርስለት።”

“በዚህ ነገር አታስቸግሪኝ ብያለሁ።”

“ይራባል’ኮ።”

“መንግሥት ያበላዋል።”

“ሆዱ አይደለም የሚርበው” አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። “ሰው ነው የሚርበው።”

አቶ ሰይፈሥላሴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ይህን የሰማችው ጎረቤታቸው ፊርዶስ ናት። ፊርዶስ ከእነሱ ጋር በአንድ አጥር የምትኖር፣ አቃቂ ገበያ አጠገብ የስፌት ሱቅ ያላት ሴት ናት። ፍቅሩ ትምህርት ቤት በነበረበት ጊዜ ዩኒፎርሙን የምትሰፋለት እሷ ነበረች። መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና “እትዬ በላይነሽ፣ እኔ እወስድለታለሁ። እሑድ ሱቅ አልከፍትም” አለች።

“አንቺ ደግሞ ስንት ሥራ አለሽ።”

“አንድ ሰዓት ተሰልፎ መመለስ ምን ሥራ ነው? ተዪው በቃ።”

ከዚያ በኋላ ስንቁን የምታበስለውም የምታደርሰውም ፊርዶስ ሆነች። በዚያ ዓመት የዐቢይ ጾምና የረመዳን ጾም አንድ ላይ ገጥመው ነበር። ፊርዶስ ራሷ ውኃ ሳትቀምስ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ፣ የክርስቲያን ልጅ የጾም ምግብ ይዛ ትቆማለች። ጾሙን እንዳታሽርበት በጣም ትጠነቀቅ ነበር። ሽሮውን የምትሠራበት ድስት ለብቻው ነው። አንድ ቀን ወደ ወይዘሮ በላይነሽ መጥታ “እትዬ፣ ዓሣ ብወስድለትስ? ዓሣ ጾሙን ይሽርበታል እንዴ? አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም ሲሉ እሰማለሁ” ብላ ጠየቀቻቸው።

አቶ ሰይፈሥላሴ በሚቀጥለው ክፍል ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሳቸው ከዚያ ሆነው “በዐቢይ ጾም ዓሣ አይበላም!” አሉ።

“እሺ ጋሽ ሰይፌ” አለች ፊርዶስ በትሕትና። “እንግዲያው ድንች በቃሪያ አደርግለታለሁ።”

ወይዘሮ በላይነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባት በዚያን ሁሉ ጊዜ ለልጁ ያሰበለት ነገር ቢኖር ይኼው ነበር፤ ዓሣ እንዳይበላ።

በዚያው ሰሞን ሰበካ ጉባኤው ስለ በጎ አድራጎት ሲወያይ፣ በጾሙ ወቅት የሕግ ታራሚዎችን እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረቡት ማን ይመስላችኋል? አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ማፈር የሚገባቸው አልመሰላቸውም። እስረኛን መጠየቅ የክርስቲያን ግዴታ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ፍቅሩ ደግሞ በእሳቸው ልብ ውስጥ ከእስረኛ አይቆጠርም ነበር። አንድ የጉባኤው አባል ቀስ ብለው “ታዲያ ፍቅሩንም በዚያው ያገኙታላ?” ቢሏቸው “እኔ የምሄደው ለሁሉም ነው፤ ለአንድ ሰው አይደለም” ብለው መለሱ።

የመፃጉዕ ሰንበት ዋዜማ ቅዳሜ፣ ዳቦና ሳሙና በአይሱዙ ተጭኖ፣ መዘምራንም ተሳፍረው ሄዱ። ታራሚዎቹ በሰፊው ሜዳ ተሰብስበው ጠበቋቸው። መዝሙር ተዘመረ። አቶ ሰይፈሥላሴም ማይክራፎን ይዘው ተናገሩ። ክርስቶስ ራሱን ከታሰረ ሰው ጋር እንደቆጠረ፣ እስረኛን የጎበኘ እሱን እንደጎበኘ፣ የረሳውም እሱን እንደረሳ ጥሩ አድርገው አስረዱ። ንግግራቸው ብዙ ታራሚዎችን አስለቀሰ።

ከዚያ ታራሚዎቹ ተሰለፉ። አቶ ሰይፈሥላሴ ዳቦውንና ሳሙናውን በእጃቸው ማደል ጀመሩ። ከጎናቸው ሆና የምታቀብላቸው ሮዳስ የምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበረች። እያንዳንዱ ታራሚ ሲቀበል “እግዜር ይስጥልኝ አባቴ” ይላል፤ እሳቸውም “እግዚአብሔር ያስፈታህ” ይላሉ። ቀጣዩ ይመጣል። “እግዜር ይስጥልኝ አባቴ።” “እግዚአብሔር ያስፈታህ።” እንዲህ እያሉ ሳለ ቀና ቢሉ ፊት ለፊታቸው የቆመው ፍቅሩ ነው።

ከስቷል። ፀጉሩ በሙሉ ተላጭቷል። ሁለት እጆቹን ዘርግቷል። አቶ ሰይፈሥላሴ ዳቦውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል። ሰው ያያል። ዳቦውንና ሳሙናውን ልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

“እግዜር ይስጥልኝ አባቴ” አለ ፍቅሩ እንደ ሌሎቹ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

“እግዚአብሔር ያስፈታህ” አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ዓይናቸውን ወደ ቀጣዩ ሰው እያሻገሩ።

ፍቅሩም አለፈ።

ሲመለሱ ሮዳስ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። አዲስ ተከራይ ሆና ወደ ሰፈሩ ስለመጣች የቤታቸውን ጉዳይ አታውቅም። መኪናው ትንሽ እንደተጓዘ “ጋሼ፣ ያንን ቀጭን ልጅ አስተዋሉት? ዳቦውን ተቀብሎ ጥግ ሄዶ ብቻውን ሲያለቅስ የነበረውን?” አለቻቸው።

“የቱን?”

“ፍቅሩ ነው ስሙ። አሳዘነኝና ሄጄ አነጋገርኩት። የሚጠይቀው ሰው እንዳለው ስጠይቀው፣ እናቱ ታማ አልጋ ላይ እንደሆነች ነገረኝ። አሁን የምትመጣለት አንዲት ሙስሊም ጎረቤታቸው ብቻ ናት አሉ፤ ለዚያውም እየጾመች።” ሮዳስ ተነፈሰች። “አባትህስ ስለው፣ አባቴ ሞቷል አለኝ።”

 ሮዳስ ሌላም ነገር አወራች፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም። ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ በላይነሽ “አየኸው?” ብለው ጠየቋቸው። “ዳቦ ሰጠሁት” አሉ።  የቀረበላቸውንም ምግብ አልነኩም።

በማግሥቱ በቅዳሴ ላይ የመፃጉዕ ታሪክ ተነበበ፤ የሚያነሣው ሰው አጥቶ በመጠመቂያው ዳር ዕድሜውን ስለጨረሰው በሽተኛ። አቶ ሰይፈሥላሴ በየዓመቱ የሚሰሙት ታሪክ ነው። ያን ቀን ግን ቆመው መስማት አቅቷቸው መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ራሳቸውን የሚያስቀምጡት ከበሽተኛው ጎን ወይም ከፈዋሹ ጎን ነበር። በሽተኛውን እያዩት ያልፉ ከነበሩት ሰዎች መካከል ልሆን እችላለሁ ብለው አስበው አያውቁም።

በሳምንቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ወልደገብርኤል ሄዱ። አባ ወልደገብርኤል አርጅተዋል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ። አቶ ሰይፈሥላሴ መስቀል ተሳልመው ለትንሣኤ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ማሰባቸውን ነገሯቸው።

“መልካም ነው” አሉ አባ። “ፍቅሩ እንዴት ነው?”

አቶ ሰይፈሥላሴ መሬት መሬት አዩ። “አባ፣ እሱን እርስዎም ያውቃሉ። ሰው ገድሎ ሸሸ። እኔ ለእውነት ስል አሳልፌ ሰጠሁት። ክርስቲያን ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?”

“ለሕግ መስጠትህ እውነት ነው። እኔም መርቄሃለሁ” አሉ አባ። “ግን ወስደህ እዚያው ተወው ያለህ ማን ነው?”

“ብሄድ ጥፋቱን እንደ መደገፍ አይሆንብኝም? ሰው ምን ይላል?”

“አየህ፣ አሁን እውነቱ ወጣ። ሰው ምን ይላል ነው ነገሩ።” አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። “ልጄ፣ ጾምህ እውነት ነው። አስቀዳሽነትህም እውነት ነው። ግን ሁሉም በሰው ፊት የሚያስከብርህ ነገር ነው። ለእግዚአብሔር ብለህ ያደረግከውን ማወቅ ከፈለግህ፣ ክብርህን የሚነካብህን ነገር ፈልግ። እሱን ለእግዚአብሔር ብለህ ታደርገዋለህ? እምነትህን እዚያ ላይ ፈትሸው።”

“ልጁ አባቴ ሞቷል ብሎ ለሰው ተናገረ፣ አባ።” አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። “በቁሜ ገደለኝ።”

“ገደለህ ወይስ ሸፈነህ?” አሉ አባ ወልደገብርኤል። “አባቴ ያ ዳቦ የሚያድለው ሰውዬ ነው ብሎ ጮኾ ቢሆን ኖሮ የት ትገባ ነበር?”

አቶ ሰይፈሥላሴ ይህን አላሰቡትም ነበር። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሽማግሌው ቄስ አላስቸኮሏቸውም።

የረመዳን ጾም የተፈታው እሑድ ቀን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በፊርዶስ ግቢ የዘመድ ጫጫታ ይሰማል፤ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አቶ ሰይፈሥላሴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ፊርዶስን የውጭ በራቸው ላይ አገኟት። ለበዓል የለበሰችው ቀሚስ እንዳለ ነው፤ በእጇ ግን ምሳ ዕቃ ይዛለች።

“እንኳን አደረሰሽ። ዛሬም ልትሄጂ ነው?” አሏት።

“እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሽ ሰይፌ። ቶሎ አድርሼ እመለሳለሁ፤ እንግዶቹ እየተጫወቱ ነው።” ምሳ ዕቃውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። “የጾም ነው፣ አይስጉ። ሥጋው ከመሠራቱ በፊት ነው ለብቻው የሠራሁት።”

አቶ ሰይፈሥላሴ ምሳ ዕቃውን ተቀበሏትና በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ፊርዶስ፣ ዛሬ በዓልሽን ዋይ። እኔ እሄዳለሁ።”

ፊርዶስ ደነገጠች። “እውነትዎን ነው?”

“እውነቴን ነው። ሁልጊዜም እኔ መሄድ ነበረብኝ። አንቺ የኔን ሥራ ነው የሠራሽው። እግዚአብሔር ይስጥሽ ከማለት በቀር ምን እልሻለሁ?”

 ፊርዶስ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ሮጠች፣ ልትነግራቸው።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴን ያወቋቸው አንድ ሁለት ሰዎች “ለሰበካ ጉባኤው ጉዳይ ነው?” ብለው ጠየቋቸው። “አይ፣ ልጄን ልጠይቅ ነው” አሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ማውጣት ከብዷቸው ነበር፤ ከወጣች በኋላ ግን ቀለል አላቸው።

እሑድ ጠያቂው ብዙ ነው። ጠያቂና ተጠያቂ በአጥር ግራና ቀኝ ቆመው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወራ፣ ካልጮኹ አይሰማም። ፍቅሩ ፊርዶስን ፈልጎ ሲመጣ አባቱን አየ። እርምጃው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀረበ።

“እማዬ ምን ሆነች?” አለ በድንጋጤ። አባቱ በሌላ ምክንያት ይመጣሉ ብሎ አላሰበም።

“ደኅና ናት። ደኅና ናት፣ ልጄ።”

“ምን?”

“እናትህ ደኅና ናት! የመጣሁት … ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።”

“አልሰማሁም፣ አባዬ!”

በዙሪያቸው ሰዉ ይጮኻል። አቶ ሰይፈሥላሴ፣ በሕይወታቸው የልባቸውን ለልጃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናግረው የማያውቁ ሰው፣ አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው “ይቅር በለኝ!” ብለው ጮኹ። “ይቅር በለኝ ልጄ! ጥዬህ ጠፋሁ!”

አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩዋቸው። አንዲት ሴት የራሷን ወሬ አቋርጣ አለቀሰች። ፍቅሩ ግንባሩን አጥሩ ላይ አስደገፈ።

“እኔ ነኝ ያዋረድኩህ፣ አባዬ። ለዚያች ዘማሪ አባቴ ሞቷል ያልኳትም … ስምህን እንዳያነሱብህ ብዬ ነው።”

“ገብቶኛል። አባ ወልደገብርኤል አስረድተውኛል።”

ጥቂት ተላቀሱ። ከዚያ ፍቅሩ ቀና ብሎ “የሰውዬው ቤት ሄደሃል?” አለ።

“የማን ቤት?”

“የጋሽ ኩምሳ። ባለቤታቸው አደሴ ይባላሉ። ፍርድ ቤት በየቀጠሮው ይመጡ ነበር። የተፈረደብኝ ቀን ዞር ብለው አዩኝ። እኔን ብቻ አይደለም ያዩት፤ ከኋላዬ ሰው ይፈልጉ ነበር። የኔን ወገን። እማዬ ውጭ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፣ መግባት አቅቷት። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።” ፍቅሩ ከንፈሩን ነከሰ። “እኔ ሰውዬውን መንገድ ላይ ጥዬ ሸሸሁ። እኛ ደግሞ ቤተሰቡን ጥለን ሸሸን። ሂድልኝ፣ አባዬ።”

አቶ ሰይፈሥላሴ ሊያንኳኩት የሚገባ ይህ ሁለተኛ በር እንዳለ እንኳ አስበውት አያውቁም ነበር። ለልጃቸው ሲጨክኑ ከሟች ቤተሰብ ጋር የቆሙ ይመስላቸው ነበር። ለካ ከማንም ጋር አልቆሙም።

በዚያው ሳምንት ከአባ ወልደገብርኤል ጋር ወደ ኮዬ ፈጬ ሄዱ። የወይዘሮ አደሴ ቤት ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ከድሮው መንደር ከተረፉት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። ወይዘሮ አደሴ በር ላይ ሆነው ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ቄሱን አይተው ተነሡና መስቀል ተሳለሙ። አቶ ሰይፈሥላሴ ከደጃፉ ላይ ተንበረከኩ።

“እኔ የፍቅሩ አባት ነኝ።”

ወይዘሮ አደሴ ጎመኑን አስቀመጡ። 

“አውቅዎታለሁ” አሉ። “ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው ብለውኛል። ልጃቸውን ራሳቸው ለፖሊስ ሰጡ ሲሉኝ፣ እንግዲያው ይህ ሰውዬ ይመጣል አልኩ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል አልኩ። በፋሲካ ጠበቅሁዎ። ለተዝካሩ ጠበቅሁዎ። ኩምሳ እኮ ሰው ነበር! ‘ሞተባችሁ ወይ’ ብሎ የሚመጣ አንድ ሰው ከእናንተ ቤት ይጠፋል?”

“ጥፋቱ የኔ ነው።”

“እኔም ክርስቲያን ነኝ። እኔም እጾማለሁ። የእሳቸውና የኔ አምላክ አንድ ነው ወይ እያልኩ ነበር የምጸልየው።”

አቶ ሰይፈሥላሴ ራሳቸውን መከላከል አልፈለጉም። “አንድ ነው” አሉ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ። “እርስዎ ያውቁታል። እኔ ነኝ የማውቀው መስሎኝ የኖርኩት።”

ወይዘሮ አደሴ ወደ አባ ወልደገብርኤል ተመለከቱ፤ ቄሱ ግን ምንም አላሉም። የይቅርታውን ቃል ከሴትየዋ አፍ ሊያወጡባቸው አልፈለጉም።

“ይቅር ብያለሁ እንድል ከሆነ የመጣችሁት፣ ዛሬ አልልም” አሉ ወይዘሮ አደሴ። “ልቤ ገና ነው። ውሸት መናገር ደግሞ አልፈልግም። ግን ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ደጅ ላይ አይቀርም።” ጎንበስ ብለው የአቶ ሰይፈሥላሴን ክንድ ያዙና “ሴና” አሉ በኦሮምኛ፤ ግቡ ማለታቸው ነበር።

ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ አደሴ ስለ ባለቤታቸው ማውራት ጀመሩ። ስንዴ ሲያጭዱ እንዴት እንደሚዘፍኑ፣ መሬቱ ላይ ሕንፃ ሲሠራ እንዴት ከመስኮት ራቅ ብለው ይቀመጡ እንደነበር፣ የጥበቃ ሥራ ሲያገኙ ዩኒፎርሙ ሰፍቷቸው እንዴት እንደተሳሳቁ። አቶ ሰይፈሥላሴ ሁሉንም አዳመጡ። በልባቸው ውስጥ “የተገጨው ሰው” ብቻ የነበረው ሰው ያን ቀን ስም አገኘ፣ ድምፅ አገኘ፣ ሳቅ አገኘ። ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ አደሴ እስከ መንገዱ ሸኟቸው።

“ባለቤትዎ አልጋ ላይ ናቸው አሉ” አሏቸው።

“አዎ። ዳሌዋ ነው።”

“ሲሻላቸው ይዘዋቸው ይምጡ። እሳቸውም የሚነግሩኝ አይጠፋቸውም።”

ነገሩ እስካሁን አላለቀም። ፍቅሩ የእስር ጊዜውን እየጨረሰ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል፤ ኮዬ ፈጬም ሄደው ከወይዘሮ አደሴ ጋር ተላቅሰዋል። ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ ፊት የሚቀመጡበት ቀን ቢታሰብም ገና አልተቆረጠም። አቶ ሰይፈሥላሴ እንደ ድሮው ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። ሰበካ ጉባኤውም ከኃላፊነታቸው አላወረዳቸውም። እሑድ ግን ምንጣፉን ለሌሎች ትተው ስንቅ ይዘው ይወጣሉ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እምነታችን እውነተኛ መሆን አለመሆኑን እንዴት እናውቃለን? ጾማችንን፣ አሥራታችንን፣ የቆምንበትን ሰዓት ቆጥረን ልንጽናና እንችላለን። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ማንም አይናቃቸው። ነገር ግን ክርስቶስን እወደዋለሁ የሚል ሰው፣ ክርስቶስ የሚጠብቀው ሰዎች በሚያጨበጭቡበት ቦታ ብቻ አለመሆኑን ይወቅ። ያኮረፍነው ወንድም አለ። የበደልነውና ፊቱን ለማየት ያፈርነው ሰው አለ። አሳፈረን ብለን ስሙን ከቤታችን ያወጣነው ልጅ አለ። እምነታችንን ስንመረምር ከእሱ እንጀምር። በትልቅ ንግግር ሳይሆን በእግራችን እንሂድ። ይቅር ባይሉንም እንሂድ። ብዙውን ጊዜ ሰውየው የሚገኘው ሩቅ አገር አይደለም፤ በየቀኑ ፊታችንን አዙረን የምናልፈው መታጠፊያ ላይ ነው።